ልጄ በጨለማው ክፍል ስትጣራ

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ ካርቱም ላይ ዝናብ በሚጥልበት ሰሞን የሆነ ነው። የፍልሰታ ጾም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ የከፋ ነገር አይቻለሁ፤ ጦርነትም አይቻለሁ። ሆኖም ሰው «ምን ከበደሽ?» ቢለኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን ያተረፈችኝን ሴት እጅ ስሜ አመስግኛለሁ። ያው እጅ ከልጄ ላይ የወሰደውን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምስጋናውና ምሬቱ አንድ ሆድ ውስጥ አብረው መኖር አቅቷቸው ነው የምጽፈው።

ልጄ ሶስና ትባላለች። ያኔ አራት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። እኛ ያወቅነው ግን ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ዝምተኛ ናት፣ በእናቷ ወጥታለች ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ተቀምጬ ነበር።

የምንኖረው ሳጃና የሚባል የካርቱም ሰፈር ነበር። አንድ የብረት በር ያለው ግቢ ነው፤ ክፍሎቹ ዙሪያውን ተሠርተዋል፤ ተከራዩ ሁሉ ሐበሻ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ጁባ ሄዶ ስለነበር ከሶስና ጋር ብቻችንን ነበርን። ቀድሞ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ልጅ ይዘሽ አይሆንም ሲሉኝ ለአንድ የልብስ መተኮሻ ሱቅ እቤቴ ሆኜ መተኮስ ጀመርኩ። መብራት ስለሚጠፋ የምሠራው በከሰል ካውያ ነበር።

ከጎኔ ያለው ክፍል የአልማዝ ነው። ሶስናን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ስለሆነች «አበልጄ» እንባባላለን። እህት ባይኖረኝም አልማዝ ነበረችኝ። በግቢው ውስጥ ሽማግሌያችን ደግሞ እትዬ ወርቄ ናቸው። ዕድሜያቸውን እዚያው የጨረሱ፣ ዐረብኛው ከአማርኛው የሚቀናቸው፣ ሁላችንም የምንሰማቸው ሴት ናቸው።

የሶስናን የጆሮ መሣሪያ የገዛነው ባለቤቴ በላከው ላይ የጽዋ ማኅበራችን ጨምሮበት ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። መሣሪያውን ያደረገችላት አንዲት ሱዳናዊት ባለሙያ ናት፤ ኡስታዛ፣ መምህርት ማለት ነው፣ እንላታለን። ያን ቀን ሶስና ጆሮ ላይ ስታደርግላት እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አሁን ትናገራለች ብዬ ነው። ኡስታዛ ግን እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ይህ ድምፁን ብቻ ነው የሚያቀርብላት» አለችኝ። «ቋንቋውን የምትሰጪያት አንቺ ነሽ።»

እኔ የተማርኩ ሴት አይደለሁም፣ ማስተማር አልችልም አልኳት።

«ታጥቢያታለሽ?»

«አጥባታለሁ።»

«ታበያታለሽ? ታለብሺያታለሽ?»

«አዎ።»

«ኸላስ፣ በቃ። ትምህርት ቤቱ እሱ ነው።»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስታጥቢያት ፊትሽን ወደ ፊቷ ዝቅ አድርጊ። ብርሃኑ አንቺ ፊት ላይ ይረፍ። ዓይኗ የሄደበትን ነገር ስሙን ጥሪላት፣ በእጅሽም አሳያት፣ ከዚያ ዝም በይና ጠብቂያት። ተራዋን አትንጠቂያት። ከሁሉም በላይ፣ ጀርባሽን ሰጥተሻት ሳለሽ ድምፅ ካሰማች፣ ምንም ዓይነት ድምፅ ይሁን፣ የያዝሽውን ጥለሽ ዙሪ አለችኝ። የሚሰማ ሕፃን ድምፁ ሰውን እንደሚያዞር ታቅፎ ሳለ ያውቀዋል፤ የእኔ ልጅ ግን የምታውቀው እኔ ካሳየኋት ብቻ ነው።

እኔ በተፈጥሮዬ ብዙ አላወራም። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሦስት ቃል ተነጋግረን የምንውል ሰዎች ነበርን። አሁን ግን ከንጋት ጀምሮ ማውራት ግዴታ ሆነብኝ። ውሃ። ውሃው ሞቀ። እጅሽን ስጪኝ። ሌላውን እጅ። ካልሲ። አንዱ ካልሲ የት ሄደ? ሸሚዝ ስተኩስ አጠገቤ አስቀምጣታለሁ፤ «ይፋጃል» እላለሁ፣ እጄን ወደ ካውያው አስጠግቼ ቶሎ እመልሳለሁ፤ እሷም ታደርጋለች። አንድ ሸሚዝ አጥፌ ስሰጣት «እንቺ» እላለሁ፤ ተቀብላ ክምሩ ላይ ስታስቀምጥ «ተቀመጠ» እላለሁ። በቀን ስንት ሸሚዝ እንደማጥፍ የሠራበት ያውቃል። በእያንዳንዱ ሸሚዝ ይህንኑ እንላለን።

የግቢው ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። በተለይ ገነት የምትባለው ምላሷ አያርፍም።

«ራዲዮ ሳጃና ተከፈተ» ትላለች በሬ ላይ ስታልፍ። «ዛሬ ዜናው ስለ ካልሲ ነው፤ ኑ ስሙ።»

አልማዝም ታግዛታለች። «ዝም ብላ የኖረችውን ዕዳዋን እየከፈለች ነው።»

እኔም እስቃለሁ። የክፋት አልነበረም። እነሱም እያሾፉ ከእኔ ተምረዋል። ሶስናን ሲያገኟት ቁጢጥ ብለው ፊታቸውን ያሳዩአት ጀመር።

መጀመሪያ ትኩረቴን ስትፈልግ ያገኘችውን ትወረውርብኝ ነበር፤ የልብስ መቆንጠጫም ይሁን ጫማ። ወይም መጥታ ቀሚሴን ትጎትታለች። እኔ በየጠዋቱ ከሰሉን ሳቀጣጥል ሆን ብዬ ጀርባዬን እሰጣታለሁ። ከጉሮሮዋ ትንሽ ድምፅ ሲወጣ ማራገቢያውን ጥዬ እዞራለሁ፣ ተንበርክኬ «ሶስና፣ ጠራሽኝ?» እላታለሁ። ብዙ ወር ፈጀ። አንዳንድ ጠዋት እግዚአብሔርን «ለሌላ ሰው ልጅ ያለ ልፋት የሰጠኸውን» ብዬ እጀምርና እተወዋለሁ።

ሰኔ ላይ ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ሳለ «ማ» አለች። ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ጥሪ ነበር። ስዞር እየጠበቀችኝ ነው። ከንፈሯን ገጥማ ደገመችው። አልማዝ ከክፍሏ ሰምታ እልል እያለች ወጣች፤ ልጄን አንስታ ግቢውን ዞረች። ሶስና ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ትጣራ ጀመር። ትጣራለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ካልዞርኩ ድምፅዋን ጨምራ ትደግማለች። ዞሬ ፊቴን ስታይ በደስታ ትንዘፈዘፋለች። የምትፈልገው ነገር የላትም፤ የምትፈልገው መዞሬን ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ካርቱም የኖረ ሰው ከሻን ያውቃል። ለማያውቅ፣ መኖሪያ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው ከመንገድም ከየቤቱም የሚያፍሱበት ነው። የተያዘ ሰው ይታሰራል፣ ከዚያም ድንበር ወስደው ሊሸኙት ይችላሉ። እኛ ግቢ ወረቀታቸው ያላለፈባቸው እትዬ ወርቄ ብቻ ነበሩ። የእኔ ካለፈ ቆይቷል። እኔ ከተያዝኩ ሶስና አብራኝ ትታሰራለች፤ ያለ መሣሪያ፣ ያለ ኡስታዛ።

ግቢያችን ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ከሻ መምጣቱ ሲሰማ ሁላችንም ከኋላ ወዳለው የዕቃ ክፍል እንገባለን። እትዬ ወርቄ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፉብንና በሩ ፊት ቁጭ ብለው ሽንኩርት መላጥ ይጀምራሉ። ከውጭ የተቆለፈ ክፍል ሰው አለበት ብሎ የሚጠረጥር የለም። መስኮቱ በቆርቆሮ ስለተደፈነ ውስጡ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም። ከዚያ ቀን በፊትም ገብተን እናውቃለን፤ ያኔ ግን ሶስና እንቅልፍ ላይ ነበረች።

ያን ቀን ከቅዳሴ ተመልሰን ጾማችንን ፈትተናል። ሶስናን ግቢው ውስጥ በሳፋ አስቀምጬ አጥባት ነበር። መሣሪያው ውሃ ስለማይወድ አውልቄ መስኮቴ ደፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጀርባ እያልን፣ ሳሙና እያልን፣ አልማዝም አጠገባችን ልብስ እያሰጣች ነው። ማዶ ያለው ባለሱቅ የብረት በራችንን በቁልፍ መታ መታ አደረገ። ምልክቱ ይህ ነበር።

እኔ ቀድሜ ያሰብኩት ካውያውን ነው። ከሰሉ እንደጋለ፣ የሰው ልብስ ክምር አጠገብ ትቼው ነበር። አልማዝ ገብቷታል።

«አንቺ ካውያውን አንሺ፤ እሷን እኔ ይዣታለሁ» አለችኝ፤ ሶስናን በፎጣ ጠቅልላ ሮጠች።

ካውያውን ከልብሱ አርቄ ስደርስ ሁሉም ገብተዋል። እኔ መጨረሻ ገብቼ በሩ ሥር ቀረሁ። አልማዝ ቀድማ ስለገባች ከወዲያ ጥግ፣ ከተደራረቡት አልጋዎች ኋላ ናት። በመካከላችን ሴቶቹ ተጠጋግተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ድስትና ጀሪካን ተደርድሯል። አንድ እግር ቢነሣ አንድ ነገር ይወድቃል። እትዬ ወርቄ ቆለፉት። ጨለመ።

ያኔ ነው የገባኝ። ልጄ አትሰማም፤ መሣሪያዋ ውጭ ነው። አሁን ደግሞ አታይም። የኔ ፊት የለም፣ እጄ የለም። ለእሷ ዓለም በአንድ ጊዜ ጠፋ።

የግቢው በር ተንኳኳ፤ ሰዎች ገቡ። እትዬ ወርቄ ተረጋግተው ሰላምታ ሰጡ።

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ሰዎቹ የት አሉ?» አለ አንዱ በዐረብኛ።

«ሥራ ላይ ናቸው። በዚህ ሰዓት ቤት የሚገኝ እንደ እኔ ያረጀ ብቻ ነው።»

«ይህ ክፍልስ?»

«የባለቤቱ ዕቃ ነው። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፤ ኦምዱርማን ነው የሚኖረው።»

እግሩ ወደ በሩ ሲጠጋ ሰማሁ። ጓጉንቸሩን ነካ ነካ አደረገው። በዚህ መሐል ከጥግ በኩል፣

«ማ» አለች ሶስና።

ቀስ ብላ ነው የጠራችኝ። ከዚያ እንዳስተማርኳት ዝም ብላ ጠበቀች። ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንድዞር እየጠበቀችኝ ነው።

«ማ» አለች ደግማ፤ አሁን ጮክ ብላ።

ገነት ጉልበቴን በጨለማው ጨብጣ «ዝም አስብያት» አለችኝ በትንፋሽዋ። እንዴት ብዬ? ለማትሰማ ልጅ «እሽ» አይባልም። ለማታይ ልጅ ጣት ከንፈር ላይ አይደረግም። ሶስና ሦስተኛውን ስትጀምር ድምፅዋ መሐል ላይ ታፈነ። ከዚያ ተረከዟ የአልጋውን ብረት ሲመታ ሰማሁ። ጥቂት መታ፤ ቆመ።

ውጭ ሰውየው «ምንድን ነው ይህ?» አለ።

«ከዲሳ ናት» አሉ እትዬ ወርቄ። ድመት ማለታቸው ነው። «በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባች ዕቃው መሐል ወልዳለች። እኔንም እንቅልፍ ነሳችኝ። ሰብረህ ከገባህ ግልገሎቿን አውጥተህ ወስደህ ገላግለኝ፤ ግን ትቧጭራለች።»

ሰዎቹ ሳቁ። «ያላ፣ እንሂድ» አለ አንዱ፤ ወጡ።

ከጎረቤት ግቢ ግን ሁለት ሴቶች ወሰዱ። መኪናው ላይ ሲጭኗቸው አንደኛዋ «ቦርሳዬን፣ ቦርሳዬን» እያለች ስትጮኽ ይሰማን ነበር። እኛ ተቀምጠን ሰማን። መኪናው ከሄደ በኋላም ቆየን።

እትዬ ወርቄ ሲከፍቱ ብርሃኑ ዓይናችንን ወጋው። አልማዝ ሶስናን ይዛ ከጥጉ ወጣች። የልጄ ጉንጭ ላይ የአራት ጣት መስመር አለ። የአልማዝ መዳፍ ላይ ደግሞ የትንሽ ጥርስ ምልክት አለ፤ ደም ይዟል። ሶስና እኔን ስታይ አላለቀሰችም። እጄ ላይ ስትወድቅ ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቋል።

«አበልጄ» አለች አልማዝ። «ምን ላድርግ? በሩ ላይ ነበሩ እኮ።»

እውነቷን ነው። ሌላ ምን ታደርግ ነበር? እሷ ባትሆን ሌላዋ ታደርገው ነበር፤ ሌላዋ ደግሞ አፍንጫዋንም ትደፍንባት ነበር። አልማዝ በዚያ ጨለማ ውስጥ እንኳ የልጄ ትንፋሽ እንዲወጣ በጣቷ ለክታ ነው የያዘቻት። ይህን ኋላ ነገረችኝ፤ አምናታለሁ። ያን እጇን ወስጄ ሳምኩት። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አልኳት። እጇ የልጄ ሳሙና ሸተተኝ።

እትዬ ወርቄ ከደረታቸው ውስጥ የሶስናን መሣሪያ አውጥተው ሰጡኝ። ሰዎቹ ከመግባታቸው በፊት መስኮቴ ላይ አይተው ሸሽገውት ነበር። ለዚህም አመሰገንኩ። ያን ቀን ያላመሰገንኩት ሰው የለም።

ከዚያ ሳቅ መጣ። ከፍርሃት የተረፈ ሰው እንዲህ ነው። «ድመቷ ልታስበላን ነበር» አለች አንዷ። ገነት ሶስናን ጉንጯን ነካ አድርጋ «ይህቺን ድመት ከእንግዲህ ወተት ግዢላት፤ ኧረ ጾም ነው ለካ» አለች። ሁሉም ሳቁ። አልማዝ ብቻ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄን «ድመቷ» የሚሏት አልጠፉም። ፍቅር ነው ብለው ነው።

ምሽቱ ላይ እትዬ ወርቄ ጠሩኝ። ሴቶቹም ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ እኔ ሆድሽን ላስብሰው አልፈልግም» አሉ። «ያቺ የጆሮ ሴትዮ ድምፅ አውጪ እያለች ማስተማሯ ደግ ነው። ግን እሷ ቤት ከሻ አይመጣም። ከሻው በርዶ እስኪያልፍ ድረስ ይህን ጥሪ ተዪው። ስትጣራ አትዙሪላት፤ ራሷ ትተወዋለች።»

«ከተወችው አትመልሰውም እትዬ» አልኩ።

«ምናልባት ትመልሰዋለች፤ ልጅ ናት። ካልሆነ ግን…» አሉ። የተውትን ገነት ጨረሰችው።

«ካልሆነ ቤት ይፈለጋላ። እዚህ ስምንት ነፍስ አለ፤ ለአንድ ‹ማ› አንታሰርም።»

አልተቆጣኋትም። ገነት ሀገር ቤት ሁለት ልጆች አሏት፤ የሚበሉት እሷ ከላከችው ነው። ሁላችንም እውነት ነበረን። እሺም አላልኩ፣ እንቢም አላልኩ፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ተነሣሁ።

እውነቱን ለመናገር የእነሱ ምክር አላስፈለገም። ሶስና ከክፍሉ ከወጣች ጀምሮ አንድ ድምፅ አላሰማችም ነበር። ራት ሳቀርብ ጠበቅኳት፤ ሳህኑን በጣቷ ጠቆመች። ጀርባዬን ስሰጣት መጥታ ቀሚሴን ጎተተች፤ ልክ እንደ ድሮው። ደንግጣ ነው፣ ይለፍላት ብዬ ተውኳት።

እየበላን ሳለ መብራት ጠፋ። ካርቱም ውስጥ ይህ የየቀን ነገር ነው። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ እኔ የስልኬን መብራት አበራሁ። ሶስና አጠገቤ ተቀምጣ መዳፏን አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። በራሷ እጅ፣ የራሷን አፍ። ዓይኗ ክፍት ነው። እጇን ላነሣው ስሞክር ሌላውን እጅ ደረበችበት።

አንዲት ቃል ልጄ ዘንድ ለመድረስ ስንት መቶ ጊዜ እንደሚፈጅባት እኔ አውቃለሁ። ለ«ውሃ» ስንት ሳፋ ውሃ ነው ያፈሰስነው። ይህ ግን አንድ ጊዜ በቃው። ሲጨልም አፍ ይዘጋል። ማንም ቁጢጥ ብሎ አላሳያትም፣ ማንም ተራዋን አልጠበቀላትም፤ ተማረችው።

ገነት በራፌ ላይ ቆማ አየች። «እሰይ» አለች፤ ከልቧ እፎይ ብላ ነው። «ገባት።»

ያን ማታ ለጸሎት ቆሜ «ተመስገን» ብዬ ጀመርኩ። አልታሰርንም፤ ልጄ በእቅፌ ናት፤ መሣሪያዋ አለ። የማመሰግንበት ብዙ ነበር። ሁሉንም ቆጥሬ ሳበቃ ግን ሳልናገረው የቀረ ነገር ነበር። ለእመቤታችን ነገርኳት። ልጇን ይዛ የተሰደደች ናት፤ ሳልጨርስላት ይገባታል።

ዛሬ ካርቱም ውስጥ አይደለንም። ጦርነቱ ሲመጣ ያ ግቢ ተበተነ። እትዬ ወርቄ አልወጣም ብለው ቀሩ ሲሉ ሰምቻለሁ። አልማዝ የት እንዳለች አላውቅም፤ በየቅዳሴው ስሟን አነሣለሁ። ሶስና አድጋለች፤ በእጇም በአፏም ትናገራለች፤ በእጇ ይበልጣል። ድምፅዋ ሲወጣ ግን አሁንም በመጀመሪያ ዙሪያዋን ታያለች። አልማዝን አልወቅሳትም። ከሻውን የላኩትንም ሰዎች ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። የሚመርረኝ ሌላ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ሲያወጣ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ የእኔ ልጅ ግን የመጀመሪያዋን ቃል ይዛ ስትመጣ ያቺ ቃል ስምንት ሰው የምታሳስር ሆና ተገኘች። ይህን ለማን እንደምከስ አላውቅም።

ያ ከሻ በመጣ በማግስቱ ጠዋት ከሰሉን ሳቀጣጥል ጀርባዬን ሰጠኋት። እትዬ ወርቄ አትዙሪ ያሉኝን አልረሳሁም፤ ልጄ ብትጠራኝ ግን እዞር ነበር። አልጠራችኝም። መጥታ ቀሚሴን ጎተተች።

ማራገቢያውን አስቀምጬ ወደ እትዬ ወርቄ ሄድኩ።

«የዕቃውን ክፍል ይክፈቱልኝ» አልኳቸው።

«ምን አለ? እንደሚመጡ ሰማሽ እንዴ?»

«አልሰማሁም። ከልጄ ጋር ልገባ ነው። ከውጭ ይቆልፉብኝ።»

«አበድሽ እንዴ?» አሉ። ግን ቁልፉን አነሡ። አልማዝ ሰምታ በባዶ እግሯ ከክፍሏ ወጣች፤ ሳልጠራት ተከተለችን። ሶስና አልማዝን ስታይ አንገቴ ሥር ተወሸቀች። አልማዝ ከእኛ ራቅ ብላ መሬት ተቀመጠች፤ እጆቿን ጀርባዋ ኋላ አደረገች።

ሳይቆለፍ ገና በብርሃን የሶስናን መሣሪያ አወለቅሁ። ያን ቀን እንደነበረችው መሆን አለባት ብዬ ነው። መዳፏን ይዤ ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁትና «ሶስና፣ እማ እዚህ አለች» አልኳት። ፊቴን እያየች፣ ጉሮሮዬ ሲንቀጠቀጥ በእጇ እየተሰማት። ደጋገምኩት። ከዚያ ራሴን ነቅንቄ ለእትዬ ወርቄ ምልክት ሰጠሁ።

ጨለመ። ሰውነቷ ወዲያው ደረቀ። መዳፏን ፈልጌ ጉሮሮዬ ላይ አስቀመጥኩና ተናገርኩ። እትዬ ወርቄ ከፈቱ፤ ፊቴን አየች። ዘጉ፤ ተናገርኩ። ከፈቱ፣ ዘጉ። እትዬ ወርቄ አላጉረመረሙም። እንደ መታጠቡ፣ እንደ መብላቱ፣ እንደ ሸሚዝ ማጠፉ ጨለማውንም በየቀኑ እንደምናደርገው ያኔ ወሰንኩ። ሌላ እናት ለልጇ እንዲህ ያለ ነገር አታስተምርም። እኔ ግን ልጄ በጨለማ ውስጥ ብቻዋን እንዳልሆነች የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልታየኝም።

አንድ ጊዜ ተዘግቶ ሳለ እጇ በራሷ ከጉሮሮዬ ላይ ተነሣ። ጉንጬን ዳበሰች። አገጬን ዳበሰች። ከንፈሬን አገኘችው። ከዚያ ትንሿን መዳፏን አፌ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እንዳይወስዱኝ ነው።

ከጥጉ የአልማዝ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

እጇን አላነሣሁትም። ከመዳፏ ሥር ሆኜ፣ ጮክ ብዬ ስሟን ጠራሁ።